አራስ ልጠብቅ በምሄድበት ቤት እባብ አለ

«የተከበራችሁ የዓምዱ አዘጋጆች፣ የ67 ዓመት እናት ነኝ፤ የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። ሜሪላንድ ያለችው ልጄ በጥር ወር ትወልዳለች። እኔም አራስ ልጠብቃት ቪዛዬን ይዤ፣ የገንፎ እህሌን አስፈጭቼ ተዘጋጅቻለሁ። ባለፈው ሳምንት በስልክ እየተያየን ስንነጋገር ግን የ12 ዓመቱ የልጅ ልጄ እጁ ላይ የተጠመጠመ እባብ አሳየኝ፤ ስሙንም ‹ጣና› ብሎታል። ስልኩን ጣልኩት። እናቱ ‹ቦል ፓይተን የሚባል ነው፤ መርዝ የለውም፤ ትደነግጪያለሽ ብለን ነው እስካሁን ያልነገርንሽ› አለችኝ። የሰፈሬ ሰው ደግሞ ፓይተን ማለት ዘንዶ ነው አለኝ። ታናሽ ወንድሜ የሞተው መተማ ሰሊጥ አጨዳ ሄዶ በእባብ ተነድፎ ነው። እባብ የወተት ሽታ ስቦት አራስ ቤት ይገባል ሲባልም ሰምቼ ነው ያደግሁት። ‹ወይ እሱ ይውጣ፣ ወይ እኔ አልመጣም› ልላት አስቤያለሁ። ፌጦና ነጭ ሽንኩርት ይዤ ብሄድስ ያርቀው ይሆን? ምን ትመክሩኛላችሁ?»

የተከበሩ እናታችን፣

ከሁሉ አስቀድሜ የወንድምዎን ነፍስ ይማር እላለሁ። ደብዳቤዎን አንብቦ ያለ ምክንያት ፈሩ የሚልዎ ሰው ካለ፣ ከጎጃም ደጋ ለሰሊጥ ሥራ ወደ መተማና ወደ ቋራ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ እንዴት እንደሚውልና እንደሚያድር የማያውቅ ሰው ነው። ጎንበስ ብሎ የሚያጭድ ሰው እጁን የሚሰደው እባቡ ወደተኛበት ሥር ነው፤ ሌሊቱንም ብዙዎቹ ሜዳ ላይ ያድራሉ፤ ከተነደፉ በኋላ ሐኪም ዘንድ ለመድረስ የሚወስደው ሰዓት ደግሞ ረጅም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 በእባብ መነደፍን ትኩረት ከተነፈጋቸው የቆላ በሽታዎች ተርታ አስገብቶታል፤ በዓለም ላይ በየዓመቱ ከ81,000 እስከ 138,000 የሚደርሱ ሰዎች በዚሁ ምክንያት እንደሚሞቱም ይገምታል። ስለዚህ ፍርሃትዎን ከንቱ ነው አልልም። እንደ እኔ እምነት ግን ፍርሃቱ ያረፈው በማይገባው እባብ ላይ ነው፤ ከዚህም በላይ፣ እዚያ ቤት ውስጥ በእርግጥ ጥንቃቄ የሚሻውን ነገር ጋርዶብዎታል።

ቦል ፓይተን መርዝ የለውም። መርዝ የሚያመነጭ ዕጢም፣ መርዝ የሚያስተላልፍ ጥርስም አልተፈጠረለትም፤ ስለዚህ «መርዙን አስወጥተውለት ይሆናል፣ ቆይቶ ግን ይመለስበታል» የሚል አዋቂ ቢገጥምዎ አይስሙት፤ መጀመሪያውኑ የወጣለት መርዝ የለም። የሰፈርዎ ሰው የነገሩዎትም ሐሰት አይደለም፤ እባቡ በእርግጥ ከዘንዶ ወገን ነው። ይሁን እንጂ በአገራችን ቆላ የሚኖረውና ርዝመቱ 5 ሜትር ሊደርስ የሚችለው ትልቁ ዘንዶ ሌላ ነው። የልጅ ልጅዎ የያዘው አድጎ ሲጨርስ ከ1 ሜትር እስከ 1 ሜትር ተኩል የሚደርስ፣ ክብደቱም አብዛኛውን ጊዜ አንድ ደህና የፋሲካ ዶሮ ከሚመዝነው የማይበልጥ፣ በአፍሪካ ካሉት የዘንዶ ዓይነቶች በትንሽነቱ የታወቀ ነው። አገሩም ሩቅ አይደለም፤ ከሴኔጋል ተነሥቶ እስከ ዩጋንዳ በሚዘረጋው የምዕራብና የመካከለኛው አፍሪካ ሣራም ምድር ይኖራል። ከጋና፣ ከቶጎና ከቤኒን ወደ አሜሪካና ወደ አውሮፓ ለብዙ ዓመታት ሲላክ ኖሯል፤ ዛሬ ግን በየቤቱ ከሚያዙት ብዙዎቹ እዚያው በሰው እጅ ከእንቁላል ተፈልፍለው ያደጉ ናቸው። ቤኒን ውስጥ ዊዳ በምትባል ከተማ ለዚሁ እባብ መቅደስ ሠርተውለታል፤ አምልጦ ሰው ቤት ሲገባም በክብር አንሥተው ይመልሱታል እንጂ አይገድሉትም። ይህን የምነግርዎ እርስዎም እንዲያከብሩት አይደለም፤ ያንንስ የንስሐ አባትዎም አይፈቅዱልዎትም። ከዚህ እባብ ጋር በአንድ ሰፈር እየኖረ የማይፈራው ሕዝብ መኖሩን እንዲያውቁት ብዬ ነው።

ሲደርሱ የሚያዩትን አስቀድሜ ልንገርዎ፤ ያልተጠበቀ ነገር ነው ይበልጥ የሚያስደነግጠው። እባቡ ቀኑን የሚያሳልፈው መስታወት ባለው ሣጥን ውስጥ፣ ራሱን በሚሸሽግበት ትንሽ ዋሻ መሰል ነገር ሥር ተጠቅልሎ ነው፤ የሚንቀሳቀሰው በአመዛኙ ሲመሽ ነው። ዓይኑ ቆብ ስለሌለው ተኝቶም ቢሆን ያፈጠጠብዎት ይመስላል። ምላሱን ሲያወጣና ሲያስገባ ሊነድፍ እየተዘጋጀ አይደለም፤ ሽታ የሚለየው በምላሱ ስለሆነ ነው። በየጊዜው ዓይኑ ደፍርሶ እንደ ወተት ይነጣል፤ ያን ጊዜ ቆዳውን ሊገፍ ስለሆነ አጥርቶ አያይምና ባይነኩት ይመረጣል። ከደነገጠ ራሱን መሐል ደብቆ እንደ ኳስ ይጠቀለላል፤ ብዙ ጊዜ ከመንከስ ይልቅ የሚመርጠው ይህንኑ ነው። ምግቡ አይጥ ሲሆን፣ ሞቶ በበረዶ የተቀመጠውን ገዝተው፣ አቅልጠውና አሙቀው በረጅም መቆንጠጫ ይሰጡታል። ያንን ማየት ለእርስዎ ደስ የሚል አይሆንም፤ በዚያ ሰዓት ሌላ ክፍል ቢቀመጡ ማንም አይቀየምዎትም። ሌላው ደግሞ፣ ይህ እባብ አንዳንድ ጊዜ ለሳምንታት፣ አልፎ አልፎም ለወራት ምግብ እምቢ ይላል። እየከሳ እስካልሄደ ድረስ የተለመደ ጠባዩ ነውና «ልጁ በረሃብ ገደለው» ብለው አይዘኑ።

ሕፃኑን አንቆ ይገድለዋል ወይም ይውጠዋል ብለው ሰግተው ከሆነ፣ የዚህ እባብ አፍና ጉሮሮ የተሠራው ለአይጥና አይጥ ለሚያህል እንስሳ ነው፤ አዲስ የተወለደ ልጅ ሊውጥ አይችልም። እንዲህም ሆኖ የተኛ ሕፃን ባለበት ክፍል ውስጥ እባቡ ከሣጥኑ ወጥቶ መገኘት የለበትም፤ ይህ ለድመትም ለውሻም የሚሠራ ደንብ ነው። ወተቱን በተመለከተ፣ እባብ ወተት አይጠባም፣ የወተት ሽታም አይስበውም። አፉ ለመጥባት አልተፈጠረም፤ የሚበላው ሥጋ፣ የሚጠጣውም ውኃ ነው። የሚስበው ነገር አለ ከተባለ ሙቀት ነው። በከንፈሩ ዙሪያ ያሉት ትናንሽ ጉድጓዶች በጨለማም ሙቀት ይለዩለታል፤ ስለዚህ አንድ ቀን ቢያመልጥ ሊገኝ የሚችለው ከፍሪጅ ኋላ፣ ከማሞቂያ ሥር ወይም ከተከመረ ልብስ መሐል ነው። ከዚህ የተነሣ ልጅዎን መጠየቅ የሚገባዎት የመጀመሪያ ጥያቄ የሣጥኑ ክዳን በምን እንደሚዘጋ ነው። እባብ ትንሽ ክፍተት ካገኘ በአፍንጫው እየገፋ ያሰፋዋልና፣ መጽሐፍ ወይም ድንጋይ ተጭኖበታል የሚል መልስ በቂ አይደለም። ጠንካራ መቀርቀሪያ ያስፈልገዋል፤ አራስ ባለበት ቤት ደግሞ የሚቆለፍ ቢሆን ይመረጣል። ሣጥኑም ከአራሷ ክፍል ርቆ፣ በሩ በሚዘጋ ክፍል ውስጥ ይቀመጥ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ፤ በደብዳቤዎ ውስጥ አንድም ቦታ አልተነሣም። ከዚህ እባብ በኩል ለአራስና ለሕፃን ሊመጣ የሚችለው እውነተኛ አደጋ ጥርሱም ጡንቻውም ሳይሆን ሳልሞኔላ የሚባለው ባክቴሪያ ነው። ይህ ተሕዋስ በእባብ፣ በእንሽላሊትና በኤሊ አንጀት ውስጥ እንስሳውን አንዳች ሳያሳምም ይኖራል፤ ስለዚህ ጤነኛና ንጹሕ የሚመስል እባብም ሊኖረው ይችላል። ከኩሱ ጋር ይወጣና ወደ ቆዳው፣ ወደ ውኃ መጠጫው፣ ወደ ሣጥኑ ወለል ይዛመታል፤ ከዚያም በሰው እጅ ይጓዛል። ሕፃኑ እባቡን አንድም ቀን ሳይነካው፣ እባቡን የያዘ ሰው እጁን ሳይታጠብ ጡጦውን ወይም የጡት ጫፉን በመንካቱ ብቻ ሊታመም ይችላል። ጤነኛ ጎልማሳ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ለጥቂት ቀናት ተቅማጥ፣ ትኩሳትና የሆድ ቁርጠት አስከትሎ ያልፋል፤ በጨቅላ ሕፃን ላይ ግን ወደ ደም ሊገባ፣ የአንጎል ሽፋንንም ሊያጠቃ ይችላል። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ከ5 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች፣ 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች፣ እንዲሁም በሽታ የመከላከል አቅማቸው የደከመ ሰዎች ከእንደዚህ ዓይነቶቹ እንስሳት ጋር ንክኪ እንዳይኖራቸው ይመክራል። እንግዲህ ምክሩ ሕፃኑን ብቻ ሳይሆን እርስዎንም ይመለከታል ማለት ነው። የልጅ ልጅዎ «እማማ፣ ያዥው፣ አይነክስም» ሲልዎ «ሐኪም ከልክሎኛል» ማለት ይችላሉ፤ ውሸትም አይሆንብዎትም።

ይህን ከሰሙ በኋላ «ታዲያ ይውጣልኛ!» ቢሉ አይፈረድብዎትም። ነገር ግን ይህ አደጋ በሳሙናና በሥርዓት የሚገታ ነው። ልጁ እባቡን፣ ምግቡን ወይም ዕቃውን በነካ ቁጥር ወዲያውኑ እጁን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ደኅና አድርጎ ይታጠብ፤ ሕፃኑን ለማቀፍ ሲፈልግ ደግሞ ልብሱንም ይቀይር። የሣጥኑ ዕቃና የውኃ መጠጫው በወጥ ቤቱ ዕቃ ማጠቢያ ውስጥ ፈጽሞ አይታጠቡ። በዚህ ጉዳይ እርስዎ ጠንከር ቢሉ ትክክል ነዎት። ገንፎው የሚገነፋበት፣ አጥሚቱ የሚዘጋጅበት፣ የሕፃኑ ጡጦ የሚታጠብበት ቦታ እዚያ ነውና። ለእባቡ የተለየ ባልዲ፣ የተለየ ስፖንጅና የተለየ ጓንት ይኑረው፤ ዕቃው የሚታጠበው ከቤት ውጭ ቢሆን ይመረጣል፤ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ከታጠበም ገንዳው ወዲያው በበረኪና ይጽዳ፤ የሕፃኑ መታጠቢያም ሌላ ይሁን። በበረዶ የደረቁት አይጦችም አይዘንጉ፤ ማቀዝቀዝ ባክቴሪያውን አይገድለውም። አይጦቹ ከሰው ምግብ ጋር በአንድ ፍሪዘር እንዳይቀመጡ፣ ሌላ ቦታ ከታጣም በጥብቅ በሚዘጋ ዕቃ ውስጥ እንዲሆኑ፣ ሲቀልጡም በማይክሮዌቭ ወይም ሰው በሚበላበት ሳሕን እንዳይሆን ልጅዎን ያሳስቧት። እባቡ በምግብ ጠረጴዛ ላይ፣ በወጥ ቤትና አራሷ በምትተኛበት አልጋ ላይ ዝር እንዳይል ከወዲሁ ይነገር። ልጅዎ እስክትወልድም ከወለደችም በኋላ ሣጥኑን የሚያጸዳው ባለቤቷ ይሁን፤ ልጁም በአባቱ እየታየ ያግዝ። ለሕፃኑ ሐኪምም በመጀመሪያው ቀጠሮ ቤታችን እባብ አለ ብላ ትንገረው። ከ3 ወር በታች ያለ ሕፃን ትኩሳቱ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ እባብ ኖረም አልኖረም፣ እስኪነጋ ሳይጠበቅ ወደ ሐኪም መወሰድ አለበት፤ ሙቀቱን በግንባሩ ዳብሰው ከመፍረድ ይልቅ በቴርሞሜትር ይለኩት።

ንክሻን በተመለከተ ብዙ የሚባል የለም። ቦል ፓይተን ቢነክስ የሚነክሰው ደንግጦ ወይም እጅ ላይ የአይጥ ሽታ ሸትቶት ነው፤ መቆንጠጫው የሚያስፈልገውም ስለዚህ ነው። ጥርሱ ጥቃቅንና ወደ ኋላ የታጠፈ ስለሆነ ጥቂት ያደማል፤ በሳሙናና በውኃ ይታጠባል፤ ቁስሉ ከቀላና ካበጠ ለሐኪም ይታያል። እባቡ ከበላ በኋላ ለሁለት ቀን ያህል ሳይነካ ምግቡን ቢያብላላ ይመረጣል፤ ልጁም አዋቂ ሰው ቤት ሳይኖር ከሣጥኑ ባያወጣው መልካም ነው። የማሞቂያው ነገር ግን ችላ አይባል። የሣጥኑ አንድ ወገን ከ31 እስከ 33 ዲግሪ መሞቅ ስላለበት ኤሌክትሪክ ሌት ተቀን ይሠራበታል፤ ሙቀቱን የሚቆጣጠር ቴርሞስታት ከሌለው እባቡን ሊያቃጥል፣ ለቤቱም የእሳት አደጋ ሊሆን ይችላል። በእኔ ግምት ከእባቡ ይልቅ ሽቦው ሊያሳስብዎ ይገባል።

«ወይ እሱ፣ ወይ እኔ» የሚለውን ነገር እንዲተዉት እለምንዎታለሁ። ልጅዎ ነፍሰ ጡር ናት፤ በእናቷና በልጇ መካከል ቆማ እንድትመርጥ በዚህ ጊዜ ማስገደድ አይገባም። የልጅ ልጅዎም እባቡን ከነስሙ በስልክ ያሳየዎ ሊያስደነግጥዎ ብሎ አይመስለኝም፤ የሚወደውን ነገር ለአያቱ ማሳየቱ ነው። ጣና ማለቱንም እንደ ስድብ አይቁጠሩት፤ ማዶ ሆኖ አገሩን ከሚያስብባቸው መንገዶች አንዱ ይሆናል። ይልቅስ ከመሄድዎ በፊት ልጅዎን ረጋ ብለው የክዳኑን፣ የዕቃ ማጠቢያውንና የፍሪዘሩን ነገር ይጠይቋት። ለሦስቱም አጥጋቢ መልስ ካላት በሰላም ይሂዱ። ከሌላት ደግሞ የሚጠይቁት እባቡ ለዘለዓለም እንዲባረር ሳይሆን፣ ሕፃኑ ጠንከር እስኪል ድረስ እባብ መያዝ በሚያውቅ ወዳጅ ቤት እንዲቆይ ይሁን፤ ይህ ለሁሉም የሚከብድ ጥያቄ አይደለም። እግረ መንገድዎንም አንድ ነገር ቢያነሡባት አይከፋም፤ ይህ እባብ በደኅና ከተያዘ 20 እና 30 ዓመት ይኖራል፤ በአሜሪካ በሴንት ሉዊስ የእንስሳት ማቆያ የነበረች አንዲት ቦል ፓይተን እ.ኤ.አ. በ2020 እንቁላል ስትጥል ዕድሜዋ ቢያንስ 62 ዓመት እንደነበረ ተገምቷል። ልጁ ለትምህርት ከቤት ሲወጣ ጣናን ማን እንደሚረከብ የታሰበበት መሆኑን ማወቅ የአያት ወግ ነው።

ፌጦና ነጭ ሽንኩርት እባብን ያርቃሉ የሚለው በሰፊው ይነገራል፤ የሚያስተማምን ነገር ግን አይደለም፤ በሣጥን የተዘጋ እባብ ደግሞ የሚሸሽበት ቦታ የለውም። በሣጥኑ ዙሪያ አይርጩት፤ አራሷን የሚረብሽ ሽታ ከመሆን አያልፍም። ፌጦውን ለሌላ ጉዳይ ከፈለጉት ይያዙት፤ ሆኖም ወደ አሜሪካ ሲገቡ ፌጦውንም የገንፎ እህሉንም፣ የያዙትን የሚበላ ነገር ሁሉ፣ ለጉምሩክ ማሳወቅ ግዴታ ነው።

የቀረው ስለ ልጁ ነው። ወደፊት ለክረምት ወደ ጎጃም ቢመጣ፣ በእጁ እባብ ይዞ ያደገ ልጅ በካብ ሥር ወይም በዓባይ በረሃ ያየውን ሁሉ እንደ ጣና ሊያነሣ ይችላል፤ እኔን ከሜሪላንዱ ሣጥን ይልቅ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። በእኛ ቆላ እፉኝት አለ፣ ኮብራም አለ፤ መርዝ ያለውን ከሌለው ለይቶ ማወቅ ለአዋቂም አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ እዚህ ምድር ላይ ያየውን እባብ፣ የሞተ ቢመስለውም እንኳ፣ እንዳይነካ፤ በጨለማ ያለ ባትሪና ያለ ጫማ እንዳይወጣ፤ እጁን ወደማያየው ጉድጓድና የድንጋይ ክምር እንዳይሰድ ይምከሩት። ምናልባት ሰው ቢነደፍም ቁስሉን መብጣት፣ መምጠጥ፣ በገመድ ጥብቅ አድርጎ ማሰርና ጥቁር ድንጋይ መለጠፍ ሁሉ ጊዜ ማባከን ወይም ጉዳት ማብዛት ነው፤ ቀለበትና ጠባብ ልብስ አውልቆ፣ የተነደፈውን እጅ ወይም እግር ሳያንቀሳቅሱ ደግፎ፣ ሰውዬውን ሳያስሮጡ በፍጥነት ሆስፒታል ማድረስ ነው የሚረዳው። ይህን ከእናቱም ከኢንተርኔቱም ይልቅ ከእርስዎ ቢሰማው ይገባዋል። የአያቱ ወንድም በምን እንደሞቱ እስካሁን የነገረው ያለ አይመስለኝም፤ እርስዎ ይንገሩት።